“ጤነኛ አይደለም” ሲባል ችሎቱ ምን ይጠይቃል? ሥነ ልቦናና የወንጀል ሕግ የሚገናኙበት ቦታ

አንድ ዘግናኝ ግድያ በዜና በተሰማ ቁጥር በየማኅበራዊ ሚዲያው ሁለት አስተያየቶች ይቀድማሉ። አንዱ “እብድ ነው ብለው ሊለቁት ነው” ይላል። ሌላው “ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም” ይላል። የመጀመሪያው ከቁጣ ይመጣል፤ ሁለተኛው ከድንጋጤ። ሁለቱም የሚገባ ስሜት ነው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይስታሉ። የአእምሮ ሕመም መኖሩ ብቻውን ማንንም ከወንጀል ነጻ አያወጣም። ወንጀሉ ዘግናኝ መሆኑም የፈጸመው ሰው ታማሚ መሆኑን አያሳይም።

ታዲያ ሕጉ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ጥያቄው ራሱ ቀላል ነው። መልሱን በማስረጃ ማቆም ነው የሚከብደው።

ሐኪሙ የሚጠይቀውና ዳኛው የሚጠይቀው

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ሳይካትሪ የአእምሮ ሕመምን የሚያክም የሕክምና ዘርፍ ነው። ሥነ ልቦና ወይም ሳይኮሎጂ ደግሞ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ባሕርይ ያጠናል። ሁለቱም ለፍርድ ሥራ ሲውሉ “ፎረንሲክ” የሚል ቅጽል ይጨመርባቸዋል።

ሐኪም ታካሚው ፊት ሲቀመጥ የሚያስበው ስለ ዛሬ ነው። ምን ነካው? በምን ይሻለዋል? ዳኛው ግን የሚጠይቀው ስላለፈች አንዲት ሰዓት ነው። ድርጊቱ ሲፈጸም ይህ ሰው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? ቢያውቅስ ራሱን መግታት ይችል ነበር ወይ?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 ይህንን በሁለት ደረጃ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያ ምክንያት መኖር አለበት። ዕድሜ፣ ሕመም፣ የአእምሮ ዕድገት መዘግየት፣ የአእምሮ መቃወስ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያ ምክንያት ውጤት ማስከተል አለበት። ሰውየው በዚያች ሰዓት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ አለዚያም እየተረዳም ራሱን መምራት ያቃተው መሆን አለበት። ምክንያቱና ውጤቱ ካልተገናኙ ሕጉ “ኢ-ኃላፊነት” የሚለው ነገር የለም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም ስኪዞፍሬኒያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። አንደኛው ጎረቤቱ የጉድጓድ ውሃው ውስጥ መርዝ እየጨመረ ልጆቹን ሊጨርስበት እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አምኗል። ሌሎች የማይሰሙት ድምፅ ይሰማዋል። “ዛሬ ካልቀደምከው አለቀልህ” ይለዋል። እንዲህ ሰው ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ ባለሙያዎች “ሳይኮሲስ” ይሉታል። ሁለተኛው ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ሥራውን ይሠራል። ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ወሰን ተጣልቶ አንድ ወር ሙሉ ሲዝት ከርሞ ይመታዋል። የሕክምና ካርዳቸው ላይ የተጻፈው የሕመም ስም አንድ ነው። የወንጀል ኃላፊነታቸው ግን አንድ አይደለም።

ከዚሁ ጋር አብሮ መጥራት ያለበት “ሳይኮ ነው” የሚለው የሰፈር ቃል ነው። ሰዎች ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ ርኅራኄ የሌለውን፣ ሰው ሲጎዳ ቅር የማይለውን ሰው ማለታቸው ነው። ባለሙያዎች ሳይኮፓቲ የሚሉት ባሕርይ ለዚህ ይቀርባል። ይህ ሰው የሚሠራውን አሳምሮ ያውቃል፤ ከእውነታው አልተለየም። ስለዚህ በአብዛኛው አገር ሕግ ይህ ባሕርይ ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም።

መስፈርቱ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1843 ዳንኤል ማክናተን የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ድራሞንድን ተኩሶ ገደለ። ድራሞንድ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ፒል ጸሐፊ ነበር። ማክናተን ባለሥልጣናት ያሳድዱኛል ብሎ ያምን ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ነጻ አለው። ሕዝቡ ተቆጣ። ከቁጣው በኋላ የእንግሊዝ ዳኞች ተጠይቀው አንድ መስፈርት አወጡ፤ ተከሳሹ የሚሠራውን ወይም ሥራው ክፉ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ የሚል ነው። የእኛ ሕግ መሠረት ግን ሌላ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው። ማወቅን ብቻ ሳይሆን ራስን መግታትንም የሚጠይቀው መስፈርት በዚያ ሕግ በኩል ገብቶ እስከ ዛሬ አለ።

“ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ እብድ” የሚለው ክፍፍል

በሰው አፍ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ሕጉ ግን መካከለኛ ደረጃዎች አሉት። አንቀጽ 49 ስለ ከፊል ኃላፊነት ይናገራል። ሰውየው መረዳቱ ወይም ራሱን መግታቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ከተዳከመ ጥፋተኛ ይባላል፤ ቅጣቱ ግን ይቀልለታል። በተግባርም ብዙው ክርክር የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስካር ራሱን የቻለ ቦታ አለው። “ጠጥቼ ነበር፣ አላውቅም” ማለት በቂ አይደለም። ወንጀሉን ለመሥራት ብሎ ሆን ብሎ ራሱን ያሰከረ ሰው በአንቀጽ 50 መሠረት ከኃላፊነት አያመልጥም።

ሕመም ያልሆነ የስሜት ማዕበልንም ሕጉ ያውቀዋል። በአንቀጽ 540 መሠረት ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 541 ግን በከባድ ትንኮሳ፣ በድንገተኛ ድንጋጤ ወይም በብርቱ ስሜት ውስጥ ሆኖ የገደለን ሰው ለብቻው ያየዋል። ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። አንቀጽ 544 ደግሞ በምጥ ላይ እያለች ወይም የወሊዱ ቀጥተኛ ጫና ሳይለቃት ሕፃኗን የገደለችን እናት ይመለከታል። የእሷም ቅጣት ቀላል እስራት ነው። ወሊድ አእምሮን ምን ያህል ሊያናጋ እንደሚችል ሕግ አውጪው ልብ ብሏል ማለት ነው። ይህ አንቀጽ በሕዝብ ዘንድ ብዙም አይታወቅም። አንዲት አራስ በእንዲህ ያለ ክስ ስሟ ሲነሳ የሚወርድባትን ስድብ ላየ ሰው ቢታወቅ ኖሮ ያሰኛል።

ዕድሜም የአእምሮ ጉዳይ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይጣልባቸውም፤ ለእነሱ የተለየ እርምጃ አለ።

ባለሙያው ምን ያያል?

አንቀጽ 51 በተከሳሹ ኃላፊነት ላይ ጥርጣሬ ካለ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። ተከሳሹ የአእምሮ መቃወስ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ፣ ወይም ሥር በሰደደ የመጠጥ ወይም የዕፅ ሱስ ከተያዘ መጠየቅ ግዴታ ይሆናል። በዚህ መንገድ ተከሳሾች ለምርመራ ከሚላኩባቸው ቦታዎች ዋናው አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። “ቢያስመስልስ?” ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚያስመስሉ አሉ። ነገር ግን ሳምንታት ሙሉ ማስመሰል ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የሚያስመስል ሰው የሚያውቀው በፊልም ያየውን እብደት ነው። ይጮኻል፤ የሌለ ሰው ያያል፤ ስሙን ሲጠይቁት የማይገናኝ መልስ ይሰጣል። የእውነተኛው ሕመም ትልቁ ክፍል ግን ጸጥ ያለ ነው። ፊት ላይ ስሜት ይጠፋል። ንግግር ይሳሳል። ሰውየው ለመታጠብና ለመብላት እንኳ ፍላጎት ያጣል። ይህንን የሚያስመስል ብዙም አይገኝም፤ ማስመሰል እንዳለበት የሚያውቅም ጥቂት ነው። በተጨማሪ ተዋናዩ ሐኪሙ ፊት ይታመማል፤ ነርሷ ማታ ስታየው ግን ካርታ ይጫወታል።

ስለዚህ ጥሩ ምርመራ በአንድ ቀን ጥያቄና መልስ አያልቅም። ባለሙያው ሰውየውን ዋርድ ውስጥ ለቀናት ያያል። እንቅልፉን ያያል፤ አበላሉን ያያል። የቀድሞ የሕክምና ካርዱን ያስመጣል። ቤተሰቡን፣ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ጎረቤቶቹን ይጠይቃል። የፖሊስ መዝገቡንም ያነባል፤ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ ያደረገው ነገር ስለ አእምሮው ይናገራልና። ቢላውን ደብቋል? ሸሽቷል? ወይስ ደም በደም ሆኖ እዚያው ተቀምጦ “አዳንኳችሁ” ሲል ነው የተገኘው? መሸሽ ብቻውን ግን ጤነኛነትን አያረጋግጥም። ሰይጣን ያሳድደኛል የሚል ሰውም ይሸሻል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። ቤተሰብ የሚያስረዳው በራሱ ቋንቋ ነው። “ልክፍት ነበረበት”፣ “ዛር ነው”፣ “ዓይን በልቶት ነው፤ ጠበል ወስደነው ለቆት ነበር” ይላል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ተራ ወሬ ይንቀዋል። ትልቅ ስህተት ነው። እናቱ “ከፋሲካ ወዲህ ብቻውን ያወራል፤ እህል አይቀምስም፤ እኛንም ልትመርዙኝ ነው ይለናል” ስትል ለሳይካትሪ ሐኪም ወርቅ የሆነ ማስረጃ እየሰጠች ነው። ቀን አለው፤ ምልክት አለው፤ የሕመሙን አካሄድ ያሳያል። ለበሽታው የሰጠችው ስም ቢለያይም ያየችው ነገር ያው ነው።

የመጨረሻው ቃል ግን የባለሙያው አይደለም። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ፍርድ ቤቱን የሚያስረው የተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ነው። ከግኝቱ የሚወጣውን የሕግ ድምዳሜ የሚሰጠው ዳኛው ነው። ሐኪሙ “ሳይኮሲስ ነበረበት” ይላል። “ኃላፊ አይደለም” ማለት የዳኛው ሥራ ነው።

ኦስሎ ላይ የታየው

ይህ የሐኪምና የዳኛ የሥራ ክፍፍል ለምን እንደሚጠቅም ከኖርዌይ ጉዳይ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 2011 አንደርስ ብሬይቪክ 77 ሰዎችን ገደለ። ፍርድ ቤቱ የሾማቸው ሁለት የሳይካትሪ ሐኪሞች መርምረውት ፓራኖይድ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፣ ከእውነታው ተለይቷል አሉ። አገር ተናወጠ። ፍርድ ቤቱ ሌሎች ሁለት ሐኪሞች ሾመ። እነሱ ደግሞ ሳይኮሲስ የለበትም አሉ።

ከዚያ የሆነው ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ዐቃቤ ሕግ ወደ ሕክምና ይላክ ብሎ ጠየቀ። ተከሳሹ ራሱ “ጤነኛ ነኝ” ብሎ ተከራከረ። እብድ መባል ለሱ ስድብ ነበር፤ የጻፈው የፖለቲካ ሐሳብ ሁሉ የበሽታ ወሬ ሆኖ እንዲቀር አልፈለገም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2012 አምስቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ኃላፊ ነው አሉት። 21 ዓመት ተፈረደበት፤ አደገኛነቱ ካልቀረ የሚራዘም እስራት ነው።

ያኔ በኖርዌይ ሕግ ተከሳሹ በድርጊቱ ጊዜ ሳይኮሲስ ላይ ከነበረ ያ ብቻውን ይበቃ ነበር። ሕመሙ ከድርጊቱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አይጠየቅም ነበር። እንዲህ ሲሆን የሐኪሙ ቃል ፍርድ ይሆናል፤ ሐኪሞቹ ሲለያዩ ደግሞ ችሎቱ ይጨንቀዋል። ከብዙ ክርክር በኋላ ሕጋቸውን ቀየሩ፤ አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ ዋለ። የእኛ ሕግ ግን ምክንያትና ውጤትን አብሮ ሲጠይቅ ኖሯል። በዚህ ነጥብ የእኛ አንቀጽ 48 የተሻለ የታሰበበት ነው ብዬ አምናለሁ።

“ይለቀቃል” የሚለው ስጋት

ኢ-ኃላፊ የተባለ ሰው በማግሥቱ ሰፈር አይመለስም። የወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ምን እንደሚደረግ ይዘረዝራል። ለሕዝብ አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተስማሚ ተቋም ውስጥ እንዲቆይ ያዝዛል። ካልሆነ ክትትል ያለው ሕክምና ይታዘዝለታል። ጊዜው አስቀድሞ አይቆረጥም፤ ፍርድ ቤቱ በየሁለት ዓመቱ እያየ ነው የሚወስነው።

የአሜሪካው ጆን ሂንክሊ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገንን ተኩሶ አቆሰለ። በ1982 በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። ሕዝቡ “አመለጠ” አለ፤ ምክር ቤቱም በ1984 የፌዴራሉን መስፈርት አጠበቀ። ሰውየው ግን ከአእምሮ ሆስፒታል ወጥቶ ውጭ እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ የሚሟገቱት ወገኖች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ወገን የሟች ቤተሰብ ኀዘን በገዳዩ ሕመም አይቀንስም፤ ስለዚህ መከላከያው፣ ማለትም “ታሞ ስለነበር ኃላፊ አይደለም” የሚለው ክርክር፣ ይጥበብ ይላል። የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑት ካንሳስ፣ አይዳሆ፣ ሞንታናና ዩታ መከላከያውን ራሱን የቻለ ክርክር ከመሆን አስቀርተውታል። ሕመሙ የሚነሳው ተከሳሹ የወንጀል ሐሳብ አልነበረውም ለማለት ብቻ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የካንሳስን ሕግ በ2020 ተቀብሎታል። ሌላው ወገን ደግሞ የሚያደርገውን ያላወቀን ሰው መቅጣት ቅጣትን ትርጉም ያሳጣዋል ይላል።

ሦስተኛው ድምፅ እኛ ዘንድ ብዙም አይሰማም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ ኮሚቴ “ኃላፊ አይደለም” ብሎ ሰውን ማብቂያው በማይታወቅ ጥበቃ ማቆየት ራሱ አድልዎ ነው ይላል። ጤነኛው ተፈርዶበት በ5 ዓመት ሲወጣ ታማሚው 20 ዓመት ሊቆይ ይችላልና። ክርክሩ ከባድ ነው። መከላከያው ይቅር እስከማለት ባልሄድም በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ግምገማ የምር መሆን እንዳለበት ግን ያስገነዝበኛል። ሐኪም ሳያየው፣ ጠበቃ ሳይቆምለት “ይቀጥል” ተብሎ የሚታለፍ ፋይል የዕድሜ ልክ እስራት ሊሆን ይችላል።

የምስክሩ አእምሮስ?

ሥነ ልቦና ፍርድ ቤት የሚገባው በተከሳሹ በኩል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ከዚያ ፍጥነቱን ጠየቁ። ለአንዱ ቡድን “ሲጋጩ”፣ ለሌላው “ሲደቃቀቁ” የሚል ቃል ተጠቀሙ። ሁለተኛው ቡድን የገመተው ፍጥነት ከፍ አለ። ከሳምንት በኋላ “የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?” አሏቸው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። “ሲደቃቀቁ” ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ “ሲጋጩ” ከተባሉት 50 ደግሞ 7ቱ።

ማንም አልዋሸም። ጥያቄው ትዝታውን ቀየረው። መርማሪ “ቀይ ሹራብ የለበሰው ነው አይደል?” ብሎ ሲጠይቅ ምስክሩ ችሎት ቆሞ ቀይ ሹራብ በእርግጠኝነት ሊያስታውስ ይችላል። የእምነት ቃልም እንደዚሁ ነው። በጫና፣ በድካም ወይም በእንቅልፍ እጦት ያልሠሩትን ሠራን ያሉ ሰዎች በብዙ አገር ኋላ ላይ በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ወጥተዋል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል፤ ይህም ሰብአዊ ክብርን ይጠብቃል። ሥነ ልቦና ሌላ ምክንያት ይጨምርለታል፤ እንዲህ ያለ ቃል እውነቱን ለማግኘትም አይረዳም።

የሚጠፋ ማስረጃ

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሕጉ የሚጠይቀው ስለዚያች ሰዓት አእምሮ ከሆነ ያ አእምሮ ማስረጃ ነው። እንደ ደም ጠብታና እንደ ጣት አሻራ ቶሎ ይጠፋል። ተጠርጣሪው ሲያዝ ይጮኽ ነበር እንበል። ሁለት ሳምንት ጣቢያ ይቆያል። መርፌ ይሰጠዋል ወይም ሕመሙ በራሱ ይበርዳል። ከወራት በኋላ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ረጋ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ችሎት የሚያየውም ያንን ሰው ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ችግር የሕግ አይመስለኝም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የባለሙያዎቹ ቁጥር ዛሬም ከሕዝቡ ብዛት ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በወንጀል ጉዳይ ምርመራ የተካኑት ደግሞ ከእነሱም ጥቂቶቹ ናቸው። ከክልል ከተማ ተከሳሽን በአጃቢ አዲስ አበባ አምጥቶ ማስመርመር ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ብዙዎች “እብድ እየተባሉ ያመልጣሉ” ብለው ይሰጋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳይመረመር ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ውስጥ ያለ ሕክምና የሚኖረው ነው።

ስፔሻሊስት እስኪደርስ ግን የማይጠብቅ ሥራ አለ። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ሰውየው ያለውን ቃል በቃል፣ የነበረበትንም ሁኔታ ከነሰዓቱ ቢጽፍ ይጠቅማል። ቤተሰብ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ ጠበል የሄደበትን ቀን፣ ስልክ ላይ የቀረውን የድምፅ መልእክት ቢያስቀምጥ ይጠቅማል። ተከላካይ ጠበቃውም የምርመራ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀጠሮ ቢያነሳ፣ ቅጣት ማቅለያ እስኪጠየቅ ባይጠብቅ ይጠቅማል። ከስድስት ወር በኋላ ሐኪሙ እናቱን “በዚያ ሳምንት ሌሊት ይተኛ ነበር ወይ?” ብሎ ሲጠይቃቸው የሚመልሱት በግምት ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ።